የትርሲት ማተብ

ትርሲት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሞታ ስትገኝ ባሏ ጓዴ በካቴና ታሰረ። ዶክተር መሐሪ «ከመድኃኒት አዋቂ ያመጣውን አጠጥቶ ሆዷ ውስጥ አደማት» ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። ማስረጃው ከአልጋዋ ሥር የተገኘ ግማሽ ጠርሙስ ነበር። ኢንስፔክተር ዘርፌ ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ስትደርስ ነገሩ ሁሉ ተጠናቆ ነበር የጠበቃት። ዘርፌ ደግሞ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይጥማትም።

የማኅበረ ምሕረት ሆስፒታል አስተዳዳሪ መነኩሴው አባ ገብረ ሕይወት ናቸው። ደንባቸውን የማያውቅ የለም፤ የፅንስ ልብ እየመታ ሐኪም እጁን አያነሣበትም። ትርሲትም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ዘርፌ አስከሬኑን ገልጣ አየች። ማተቧ ከአንገቷ ላይ የለም፤ የእጇ አንጓ ላይ በሻሽ ታስሯል። ሆዷ ላይ ደግሞ የአልትራሳውንድ ቅባት በደረቀው ላይ ሌላ እየተደረበ ቅርፊት ሠርቷል።

«ምግብ ቀምሳ ነበር?» ስትል ነርሷን እመቤትን ጠየቀቻት።

«አልቀመሰችም። ጠበል ልጠጣ ነው ብላ ነበር።»

«ማተቧንስ ማን ፈታው?»

«እሷው ትሆናለች» አለች እመቤት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ዘርፌ ሳቋ መጣ። ጠበል ልትጠጣ ማተቧን የምትፈታ የጋይንት ሴት እስካሁን አላጋጠመቻትም።

ጓዴ ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። «እትዬ፣ ከቤተ ልሔም ገዳም ያመጣሁት ጠበል ነው። ግማሹን እዚያው እኔ ጠጣሁት። ለእሷ ሳቀርብላት ሐኪሞቹ ውኃም አይንካት ብለው ከለከሉኝ። ነገ ትድናለች፣ ሂድ አሉኝ፤ ሄድኩ።»

ዘርፌ ሁሉንም፣ አባ ገብረ ሕይወትንም ጨምራ፣ አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ለጠበል የጾመች ሴት ጠበሉን ትጠጣለች፤ ትርሲት ግን እሱንም ተከልክላለች» አለች። «ምግብም ውኃም የሚከለከለው ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው ነው። አንገት ላይ ያለውም ሁሉ የሚወልቀው ያኔ ነው። ከማተቧ አልለይም ስትል ነው እጇ ላይ በሻሽ ያሰሩላት። እመቤት፣ ማን አሰረው?»

እመቤት አለቀሰች። «እኔ ነኝ። ዶክተሩ አዘጋጂያት ብሎኝ ነው።»

«የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆዷ ውስጥ የምትደማውና ለኦፕራሲዮን የምትዘጋጀው ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሲቀመጥ ነው፤ ስለዚህ ዶክተሩ ይህን አውቋል። ታዲያ ለምን አልቀደዳትም? በሽታውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዋል። ቅባቱ እስኪደራረብ የተመላለሰው የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ነው። ምን ነበር የምትጠብቀው ዶክተር?»

«ልቡ እስኪቆም» አለ መሐሪ። «ከቆመ ደንቡ አይነካም። እሷም ትድናለች፣ እኔም አልባረርም አልኩ። ፅንሱ የተቀመጠበት ቱቦ ቀድሞ ፈነዳ።»

«እና በእኔ አሳበብክ!» ጓዴ ሊነሣ ሲል ፖሊሱ ያዘው። ዘርፌም የወንበሯን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች፤ ተናድዳ ነበር።

አባ ገብረ ሕይወት ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት? እኔን መጠየቅ አቅቶህ ነው?»

ቀድሞ የተናገረው ጓዴ ነው።

«አባ፣ ቢያንኳኳ ኖሮ ትቀደድ ይሉ ነበር?»

ሁሉም ወደ አባ ዞረ።

«አላውቅም ልጄ» አሉ።

«ዶክተሩ ግን ያውቅ ነበር» አለ ጓዴ፤ «ለዚያ ነው ያላንኳኳው።»

ዘርፌ ካቴናውን ፈታችለት፤ ሚስቱን ወስዶ እንዲቀብርም ፈቀደች። እሱን ተከትለው አባ ሊወጡ ሲነሡ በሩ ላይ ቆመችባቸው።

«እርስዎ ይቀመጡ አባ። ቃልዎን ገና አልተቀበልኩም።»