ያልረጋው ሰም

አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት ረፋዱ ላይ ነው። ሐኪሙ «ሙቀት ነው የገደላቸው» ብሎ ወጣ፤ መርማሪዋ ስትገባ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ፣ መሐንዲሱ ልጃቸው ኮርኒሱን በሰም ሰሌዳዎች ያለበሰው እናቱን ከሙቀት ለማዳን መሆኑ ነው። ሰሙ ቀን እየቀለጠ ሙቀቱን ይውጣል፤ ሌሊት መስኮት ሲከፈትለት መልሶ ይረጋል።

«አንተ ነህ የገደልካት!» አለች እናቷን የምታስታምመው እህቱ። «መሞከሪያ አደረግካት!»

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። «ልክ ናት፤ ሰሙ ብልሹ ነበር። እሰሩኝ።»

መርማሪዋ ሰው ጥፋቱን እንዲህ ቶሎ ሲያምን አይጥማትም። የቤቱን ዘበኛ ጠራች።

«አባባ፣ መስኮቱን ማን ነው የሚከፍተው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፣ በየማታው። ከዚያ ወደ ግቢው በር ነው፤ ተመልሼ አልገባም።»

መርማሪዋ ወንበር ላይ ወጥታ የኮርኒሱን ሰሌዳ ተጫነችው፤ ውስጡ እንደ ውሃ ዋለለ። ቀጥላ መስኮቱ ክፍት ያደረውን ባዶ ጓዳ አየች፤ የዚያ ኮርኒስ ሰም ድንጋይ ሆኗል።

«የዚያኛው ሰም ሌላ ነው?»

«ከአንድ በርሜል ነው የቀዳሁት» አለ መሐንዲሱ፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

መርማሪዋ ከራስጌ ያለውን ብልቃጥ አነሳች። «ሳል ነበረባቸው?»

«ሦስት ቀኗ» አለች እህትየው። «ሌሊት ሲነፍስባት ይብስባታል፤ ስለዚህ…»

መስኮቱን አየች። መርማሪዋም ልቧ እያዘነ ሦስቱን አልጋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሰሙ ብልሹ ቢሆን ጓዳውም ውስጥ ባልረጋ ነበር። አባባ መስኮቱን ከፍተዋል። ከእሳቸው በኋላ እዚህ የምታድረው አንቺ ብቻ ነሽ። ሦስት ሌሊት ዘጋሽው፤ ሰሙ ሳይረጋ ነጋ፤ ቀን ደግሞ ሙቀቱን የሚውጥ ነገር ጠፋ።»

«ብርድ እንዳይመታት ብዬ እኮ ነው!»

መሐንዲሱ መርማሪዋን በቁጣ አያት። «ገና ሰሙን ስነካው ገብቶኝ ነበር። ምናለ እኔን ቢያስሩኝ?»

መርማሪዋ በሥራዋ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

እህትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። «እያወቅክ ነው ስሰድብህ ዝም ያልከኝ?»

«ሌላ ምን ላድርግ፣ እህቴ?»

«ትናንት መስኮቱን ስዘጋላት…» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «‹ተባረኪ ልጄ› ብላ መረቀችኝ።»