ከመጋረጃው ወዲያ

እሁድ ከምሳ በኋላ ዶርሙ ጭር ይላል። ልጆቹ ኳስ ሊያዩ ወይ ልብስ ሊያጥቡ ሲወጡ፣ ይትባረክ በታችኛው አልጋው ዙሪያ የሰቀለውን ባለ ሰማያዊ አበባ አንሶላ ጎትቶ ይጋረዳል። መቼም የታች አልጋ የደረሰው ተማሪ ሁሉ መጋረጃ ይሰቅላል፤ ሌላው ለጥናት ወይ ለእንቅልፍ ሲለው የእሱ ግን ለስልኩ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካና እነዚያን የራቁት ቪዲዮዎች ይከፍታል። «ይቺን ብቻ» ይላል ለራሱ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ፤ ቀኑ እንዲሁ ይመሻል።

ሲዘጋው ያፍራል። ስንቴ አጥፍቶ ስንቴ ማለ! ጓደኞቹ ና እንውጣ ማለቱን ትተውታል፤ እሱም ቢሆን የሚያዋራውን ሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት እየከበደው መጥቷል።

ዛሬ ግን እታለም እየመጣች ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ስልክ አላነሳ ሲላት ጊዜ አውቶቡስ ተሳፈረች። ባለፈው ስትመጣ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ውሎ፣ እንባዋን ውጣ ነው የተመለሰችው። ዛሬ ግቢው በር ድረስ ወጥቶ ሊቀበላትና ሁሉንም ሊነግራት ቆርጧል። ከእሷ ሌላ ማን አለው? ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ደረስኩ ብላ እስክትደውል አልጋው ላይ አረፍ አለ። እጁ ግን ከልቡ ቀድሞ ስልኩን ከፈተው።

በማዳመጫው ውስጥ ጄሪካን ሲጎተት ተሰማው፤ በሲሚንቶ ላይ እየተንቋቋ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ወደዚህ። ማዳመጫውን አወለቀ፤ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። መልሶ ሰካው፤ አሁን ድምፁ በራቸው ላይ ደርሷል። ይሄኔ ብድግ ብሎ መውጣት ነበረበት፤ ምን ዋጋ አለው፣ እሱ ጭራሽ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። በቪዲዮው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው ሴት ያለችበት ክፍል ጨለምለም ያለ ነው፤ ከኋላዋ ባለ ሰማያዊ አበባ አንሶላ ተንጠልጥሏል፣ ከአንሶላው ሥር ደግሞ የእሱ ነጠላ ጫማ ይታያል። የእርጥብ ሲሚንቶና የከረመ ላብ ሽታ አፍንጫውን ሞላው።

ሴትየዋ ሳትዞር፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ማሙሽ» አለች።

ማሙሽ ብላ የምትጠራው እታለም ብቻ ናት። በልጅነቱ «ምን» ብሎ በመለሰላት ቁጥር ከንፈሩን መታ መታ እያደረገች ወግ አስተምራዋለች። ሳያስበው፣ «አቤት» አለ።

ብርሃኑ ጠፋ። መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ያረፈው ልሙጥና ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሰው ከአልጋው ተነሳ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ጎንበስ ብሎም ይትባረክ ያለበትን ስልክ አነሳ። ይትባረክ በሰውየው ላይ የገዛ ፊቱን ለቅጽበት አየ፤ እንቅልፍ የጠገበ፣ ደህና ፊት። ከዚያ ከነስልኩ ኪስ ውስጥ ገባ።

ጮኸ፤ የሚሰማው የለም። የእግር ኮቴ፣ ደረጃ፣ የዘበኞች ሳቅ፣ ከዚያ የእታለም ድምፅ መጣ። ሰውየው ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቃት፤ ስታወራ አላቋረጣትም፤ እጁንም አንዴ ወደ ኪሱ አልሰደደም። ይትባረክ በጨለማው ውስጥ መስታወቱን በሁለት እጁ እየደበደበ ሲጠራት፣ እሷ ሰውየውን እቅፍ አድርጋ፣ «ተመስገን፣ ወንድሜን መለሰልኝ» ብላ አለቀሰች።