መሐሉ ቡናማ

ከልብስ ስፌቱ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አዲሶቹ ሰማያዊ የሱፍ ኮቶች በአንድ ብረት ላይ ተሰቅለዋል። ከእነሱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የአንዲት ልጅ ሟች እናት ቡናማ ኮት በሚስማር ተንጠልጥሏል። የስፌት ቤቱ ባለቤት አክስቷ ልታወጣው ብትል ልጅቷ «አይወጣም!» ብላ እግሯን ስለተከለች፣ ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም።

ዛሬ ጠዋት አክስቷ አንዱን ሰማያዊ ኮት አንስታ ስታራግፍ በእጅጌው ቀዳዳዎች ብርሃን አለፈ።

«ብል!»

ጨርቅ ሻጩ ወዲያው ተጠራ።

«ብል ያለበት ሱፍ ሸጥክልኝ! ገበያውን ሁሉ ባላስወራብህ እኔ ሴት አይደለሁም!»

«ኧረ እትዬ፣ በልጆቼ! ጨርቄ ንጹሕ ነበር።»

የክፍል ጓደኞቿ «ሌንስ» የሚሏት ይህችው ልጅ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ኮቶቹ ሥር ተንበርክካለች። መጀመሪያ ያገኘችው አንዲት የሞተች ትንሽ የእሳት እራት ነበር፤ ክንፎቿ ግራጫማ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሦስት ደብዛዛ ነጥቦች። እሷ አትበላም። የሚበላው ትል መሳዩ እጯ ነው። የበላውን ሱፍ ጭረት ከሐር ጋር እየሸመነ ቱቦ ይሠራና እንደ ቀንድ አውጣ ተሸክሞት ይዞራል። ሲያድግ ሲጠበው በሁለቱም ጫፍ ይቀጥልበታል። ስለዚህ የቱቦው መሐል የልጅነቱ ነው።

ከአንዱ ኮሌታ ሥር በወረንጦ አንድ ቱቦ ነቀለች። የሩዝ ፍሬ ያክላል። ጫፎቹ ሰማያዊ፣ መሐሉ ቡናማ።

ሌላ ነቀለች። መሐሉ ቡናማ።

ዐይኗ ወደ መጋረጃው ሄደ። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሰውዬው ስሙ ጠፍቶ ይሄዳል፤ ኮቱም ከሚስማሩ አይወርድም።

«ምን ተጎልተሻል?» አለች አክስቷ። «ንገሪው እንጂ፣ ፕሮፌሰሯ!»

ሰውዬው ዞሮ አያት። አልለመናትም፤ ኮፍያውን ብቻ በእጁ ይጨመድዳል።

«ከሱ ጨርቅ አይደለም» አለች። «ከእማዬ ኮት ነው የመጣው።»

አክስቷ በመነጽሩ አየች። ከዚያ መጋረጃውን ገለጠች። የቡናማው ኮት ጀርባ ወንፊት ሆኗል።

«ያኔ ምን ብዬሽ ነበር?» አለቻት። ሰውዬውን ይቅርታ አልጠየቀችውም። እሱም ልጅቷን ሳያመሰግን ወጣ።

«ፍሪዘር ውስጥ ብናስቀምጠው እኮ ብርዱ ይገድላቸው…» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ! ዛሬ ይቃጠላል!»

አክስቷ እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ቀደመቻትና ኮቱን ራሷ አወረደችው። አቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቆሻሻ ማቃጠያው በርሜል ውስጥ ከተተችው፤ ክብሪቱንም ራሷ ጫረች።

የሱፍ ኮት እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ አይነድም። የተቃጠለ ፀጉር እየሸተተ፣ እየጨሰ፣ ነዶ ለማለቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀበት።