ያልፈላው በርሜል

የወይን ጠጅ ጠማቂው መጭመቂያ ቤቱ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍሎ ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። የመጭመቂያው የብረት ዘንግ አጠገቡ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ምቶቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው። ሰውየው ከሞተም በኋላ ገዳዩ እጁን አልሰበሰበም።

ከሬሳው ሦስት እርምጃ ርቆ የለቃሚዎቹ ካቦ ከምሰሶው ጋር በሽቦ ታስሯል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ለቃሚዎቹ የወይን መቁረጫ መቀሳቸውን እንደጨበጡ በሩን ሞልተውታል። ሩብ ሰዓት ብትዘገይ ሁለት ሬሳ ነበር የምታነሳው።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ!» አለ የሟቹ እህት ባል ደረቱን ነፍቶ። «የሚስቴን ወንድም ገድሎ ልሸልመው ኖሯል?»

«ፍቱት።»

«ምን አሉ?»

«ሰምተውኛል። ፍቱት አልኩ!»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ሽቦውን ፈታ። ካቦው ደሙን እንኳ አልጠረገም።

«ስልክ ስጡኝ፤ ልጄ ክሊኒክ ናት» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከሰዓት ሴት ልጁ ከታችኛው ማሳ ስር ከሚወርደው ጅረት ውሃ ጠጣች። ወዲያው ያንቀጠቅጣት፣ ምራቋ ይዝረበረብ ጀመር፤ አሁን ትንፋሿ እየቆመ ነው። ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል፤ የምን መርዝ እንደሆነ ግን አላወቀም። ስሙን ሳላውቅ መድኃኒት ብሰጣት እገድላታለሁ ብሏል። የእርሻው በር ላይ ደግሞ «እዚህ ኬሚካል አይረጭም» የሚል ጽሑፍ ከነማኅተሙ ተሰቅሏል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው መርማሪዋ።

«ጮኼበታለሁ። የረጫችሁትን ንገረኝ አልኩት። ‹በእናቴ ሞት አላውቅም› ብሎ ማለልኝ። ‹እስከ ጠዋት አጣርቼ እነግርሃለሁ› አለኝ። ጠዋት ስመጣ ይኸው ተደፍቶ አገኘሁት። አቅፌው ስጮኽ ነው የደረሱት። ሸሚዜን ይዩት፣ ደሙ የሱ ነው፤ አልክድም።»

መርማሪዋ ዞር ዞር አለች። በግድግዳው ጥግ ስድስት ትልልቅ በርሜሎች ተደርድረዋል። አምስቱ ይንተከተካሉ፣ አረፋቸው ከአፋቸው ሊወርድ ደርሷል። ስድስተኛው ጭጭ ብሏል። ሆዱ ላይ ሟቹ በጠመኔ «ታች ማሳ። አልፈላም። ለምን?» ብሎ ጽፏል።

«ለምን ነው የማይፈላው?»

«እርሾው ሲሞት ነው» አለ ካቦው።

«እርሾውን ምን ይገድለዋል?»

«መርዝ» አለ ካቦው፣ ወደ በርሜሉ እየዞረ።

የሟቹ እህት ውጭ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጣለች። እጇ እስከ ክርኗ በወይን ጭማቂ ጠቁሯል።

«ታች ማሳን ማን ነው የሚንከባከበው?» አለቻት መርማሪዋ።

«ባለቤቴ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበር?»

«ከኔ ጋር ሲለቅም ነበር። ማለቴ መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ፤ ኋላ እጅጌው ርጥብ ሆኖ መጣ። ትንሽ እንደቆየን ነው ጩኸቱን የሰማነው።»

መርማሪዋ ወደ ባልየው ሄደች።

«እጅጌዎ ምን ሆነ?»

«የወይን ጭማቂ ነዋ! በሳሙና አሸሁት፣ አልለቅ አለ። ዛሬ እዚህ ግቢ ያልቆሸሸ ሰው ካለ ያሳዩኝ።»

«ከጩኸቱ በፊት እዚህ ቤት ገብተዋል?»

«በደጁም አላለፍኩ።»

ሁሉንም መጭመቂያ ቤት ሰበሰበቻቸው። አንድ ገንዳ ውሃ አስመጥታ ሳሙና አሟሟችበት።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ እጅጌዎን» አለች። የእህትየዋ ወይን ጠጅ የመሰለ እጅጌ ሳሙናው ሲነካው ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ ወደ መሆን ሄደ። የሁለት ለቃሚዎችንም ነከረች፤ ያው ሆነ።

«እጃችሁን ስትታጠቡ በየቀኑ የምታዩት ነው። የወይን ጭማቂ ሳሙና አይወድም፣ መልኩን ይለውጣል። አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

ባልየው ወደኋላ አለ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ነከረው። እጅጌው እንደ ዛገ ብረት ቀልቶ ቀረ።

«ደሙ ካቦውን ስይዘው ነው የነካኝ!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ቅድም ጭማቂ ነው ብለውኝ ነበር። ደግሞ ካቦውን የያዙት ከጩኸቱ በኋላ ነው፤ እጅጌዎን ያጠቡት ግን ከጩኸቱ በፊት። ሚስትዎ አይታለች። ከለቀማው በፊት ታች ማሳ ላይ ተደብቀው መርዝ ረጩ፣ ትናንት መርጫውን ጅረቱ ውስጥ አለቀለቁ። የወይኑ እርሾ ሞተ፣ በርሜሉም አልፈላ አለ። ጠማቂው ደግሞ ሙያው ነውና ደረሰበት። ጠዋት ጠየቀዎት። ለካቦው እንዳይነግረው ዘንጉን አነሱ።»

እህትየዋ ተነሳች።

«የወንድሜን ደም እጅጌህ ላይ ይዘህ አጠገቤ ቆመህ ወይን ለቀምክ?»

«ተባዩ ሊጨርሰን ነበር! ለማን ብዬ መሰለሽ? ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

በጥፊ አጮለችው። ከዚያ ወንድሟ አጠገብ ዘጭ ብላ ቁጭ አለች።

«የመርዙ ስም ምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ጠበቃ ሳይመጣ አንድ ቃል አልናገርም።»

ካቦው ዘሎ ጉሮሮውን አነቀው። ከግድግዳው ጋር አጋጨው። «ስሙን! የልጄን ነፍስ! ስሙን ንገረኝ!» የባልየው ፊት ጠቆረ፣ እግሩ ይወራጭ ጀመር። ፖሊሱ ሊገላግል ሲንደረደር መርማሪዋ ክንዷን ዘርግታ አገደችው። ሕጉን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ሃያ ዓመት አስከብራዋለች። ያን ጊዜ ግን አላሰበችውም።

ስሙ በሲቃ ወጣ። ካቦው አስደገመው፤ ከዚያ ለቀቀው።

መርማሪዋ ክሊኒኩ ጋ ደውላ ፊደል በፊደል ነገረች። ሐኪሙ «ቆዩ» አለ።

«መድኃኒቱ አለን። አሁኑኑ እሰጣታለሁ።»

ካቦው ስልኩን ከእጇ ቀማ። «ጆሮዋ ላይ አድርጉልኝ» አለ። «የኔ እናት፣ እንዳትተኚ። አባባ እየመጣ ነው።»

መርማሪዋ ለፖሊሱ የመኪናውን ቁልፍ ወረወረችለት። «ወስደህ አድርሰው፣ ፍጠን።»

«ያለን መኪና እኮ አንድ ነው» አለ ፖሊሱ። «ይኼስ?»

የባልየውን እጅ ጠምዝዛ ካቴናውን ቆለፈች። «ይኼ በእግሩ ይሄዳል» አለች።