ሌላ ሰው ውስጥ አለ

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ አላባራ አለ። የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ዳር ያሉትን ቤቶች ወሰደ። መብራት ጠፍቶ ይሰነብታል። ሰው በሳንባ ምች ታመመ። የሺዋስም በዚያው ሞተ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሱቁን እህቱ ሩት ያዘች። እስረኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ተራ እስኪደርሳቸው ዋይፋይ ይገዟታል። ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ነጭ ሳጥን ጣሪያው ሥር የሰቀለው የሺዋስ ነበር።

በመስከረም ሳጥኑ አላስገባ አላት። የይለፍ ቃሉን ደግማ ጻፈች። ስልኳ «ሌላ አስተዳዳሪ ውስጥ አለ» ይላል። ነቅላ ሰካችው። ሌላው ቀድሟት ገብቷል። አዲስ ኮድ ለደንበኛ መስጠት አቃታት። እሷና እናቷ የሚተዳደሩት ደግሞ በዚሁ ገቢ ነው።

የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ የጥገና ቁጥር አይታ ደወለች። የመጣው ሶሬሳ ሆነ።

«አንቺ መሆንሽን ባውቅ...» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«አትመጣም ነበር?»

«ተላጭቼ እመጣ ነበር።»

ሳቀች። ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «እማዬ እንዳታይህ።»

ለምን እንደሆነ ያውቃል። የሺዋስ ጓደኛው ነበር። ሲቀበር ሶሬሳ ሐዋሳ ሥራ ላይ ነበር፤ ለቅሶ አልደረሰም። ኋላ አፈረ፤ ባፈረ ቁጥር ዘገየ። እሱና ሩት ሊጋቡ ተነጋግረው ነበር። እናቷ ወይዘሮ አሰፋች ግን ስሙ ሲነሳ ከቤት ይወጣሉ።

ሶሬሳ ከሳጥኑ ጋር የተገናኙትን ስልኮች ስም በራሱ ስልክ አወጣ። አንዱን ስም ደግሞ አነበበ። ከዚያ ስልኩን አዞረላት።

«የሺዋስ» ይላል።

ሩት ክንዱን ያዘች። መልቀቁን ረሳች።

«ሳጥኑን እንደ አዲስ ላስጀምረው?» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ያጠፋዋል።»

«እሱ የሠራውንም?»

«እሱንም።»

«ተወው።»

ተቀመጡ። ስሙ ከስልኩ ላይ ድንገት ጠፋ። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ሶሬሳ በመስኮቱ ያይ ነበር። ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነበር ስሙ የጠፋው። ግቢ ሲገቡ ነበር የተመለሰው።

ተነሥቶ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤት ገባ። ሩት ልትይዘው ሞከረች፤ አልቆመም።

«እትዬ አሰፋች፣ የየሺዋስ ስልክ እርስዎ ጋ ነው?»

ሴትዮዋ አላዩትም። እጃቸው ግን ወደ ጉያቸው ሄደ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡ፤ በርቷል።

«ፎቶውን ለማየት ብዬ በዚህ ወር አሠራሁት» አሉ ለሩት። «ጠፍቶ ሳየው ዳግም የሞተ ይመስለኛል።»

ሳጥኑን የሚያዘው መተግበሪያ እዚያ ስልክ ላይ ክፍት ነበር። ስልኩ ሳጥኑ አጠገብ በደረሰ ቁጥር በራሱ ይገባል። አንድ ጊዜ ቢነኩት ይዘጋል፤ ሩትም መግባት ትችላለች።

ሶሬሳ ስልኩን አልተቀበለም። እሱ ራሱ መሬት ላይ ወደቀ።

«ወንድሜን! ወንድሜን!»

ደረቱን እየመታ ጮኸ። ጎረቤት በር ከፈተ። ወይዘሮ አሰፋች ቆመው አዩት። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። እንደ ቀብሩ ቀን አብረው አለቀሱ። ሩት በሩን ተደግፋ አለቀሰች።

ሲበቃቸው ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉ።

«ተነሥ፣ ተቀመጥ። ዘገየህ እንጂ ደርሰሃል፤ ከእንግዲህ ምንም የለብህም» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሩትን አየት አደረጉና፦

«ሽማግሌ ስትልክ ግን እንዲህ እንዳትዘገይ።»