አርባ ሦስት ዲግሪ

ዶክተር ዓምሃ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሳህን ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። መነጽራቸው እንኳ አልተሰበረም። ሠላሳ ዓመት ሰማይ ሲለኩ የኖሩ ሰው ከመሰላል ወድቀው መሞታቸው ያሳዝናል፤ ኢንስፔክተር ዘኪያም ማዘኗን አልደበቀችም።

ሰው መሰላል ላይ እያለ ሳህኑን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ከመቆጣጠሪያው ክፍል ግን አንድ ሰው አንቀሳቅሶታል። የሞተሩ ቁልፍ በቴክኒሻኑ በፈሀድ እጅ ስለሚውል፣ ፖሊሶች እሷ ሳትደርስ ካቴና አጥልቀውለት ነበር። ችኮላቸው አናደዳት።

«ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ ጁምዓ ሄድኩ» አለ ፈሀድ። «በእግሬ ነው፣ ብቻዬን። ማን ይመስክርልኝ?»

የዶክተሩ ተማሪ የሔለን ዓይን በልቅሶ አብጧል። «እኔ ከስድስት ተኩል ጀምሮ አዲሱ ገበያ ምሳ ላይ ነበርኩ። ስምንት ሰዓት ስመለስ ጋሼን... በቃ፣ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ዶክተሩ ምን ሊሠሩ ወጡ?» አለች ዘኪያ።

«ሳህኑ ላይ ያለውን የሞገድ ተቀባይ በእጅ ሊያዞሩ» አለ ፈሀድ። «ከጋላክሲያችን የሚመጣው የማይክሮዌቭ ሞገድ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ነው የሚርገበገበው፤ እኛ ያንን ማዕዘን እንለካለን። ሔለን አዲስ ምልክት አግኝታለች። ዶክተሩ ደግሞ የመሣሪያው ስህተት እንዳይሆን ሰጉ። ተቀባዩ ሲዞር የሰማዩ ምልክት አብሮ ይዞራል፤ የመሣሪያው ከሆነ ባለበት ይቀራል።»

«ባለበት ቢቀርስ?»

«የአምስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።»

ዘኪያ ሳህኑን አስወርዳ ተቀባዩን በቅርብ አየችው። ከዚያ የሥራ መዝገቡን ገለጠች። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም መቆጣጠሪያው ክፍል ሰበሰበች።

«እዚህ ደንብ አለ» አለች። «የወጣው ሰው ያዞረውን ማዕዘን በመስኮቱ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ውስጥ ያለው ወዲያው ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አያውቀውም። የታቀደው አርባ አምስት ነበር፤ ዝገት ይዞት አርባ ሦስት ላይ ቆመ። ሳህኑ ከተንቀሳቀሰ ወዲህ እኛ እስክናወርደው ማንም አልደረሰበትም። መዝገቡ ግን ‹ሰባት ሰዓት፣ አርባ ሦስት› ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ዶክተሩ ቁጥሩን ሲናገሩ እዚህ ነበር ማለት ነው። ጽሕፈቱ የማን ነው?»

ፈሀድ አይቶ አቀረቀረ።

«የኔ ነው» አለች ሔለን። «ሳልጽፍ እንዳላልፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልገድላቸው አልነበረም። ሳህኑ ትንሽ ቢነቃነቅ ልኬቱ ይበላሻል፣ እሳቸውም ይወርዳሉ ብዬ ነው። ልኬቱ ሲካሄድ ሃያ ደቂቃ ታገስኩ። ስክሪኑን ማየት ፈራሁ፤ ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቼ ሞተሩን አስነሳሁ።»

ካቴናው ከፈሀድ እጅ ወልቆ እጇ ላይ ገባ። ፈሀድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና የዚያችን ሃያ ደቂቃ ልኬት ከፈተ። መስመሮቹን አንድ በአንድ አነጻጸረ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ዞሯል» አለ። «አርባ ሦስት ዲግሪ አብሮ ዞሯል። የሰማይ ነው፣ ሔለን። ልክ ነበርሽ።»

ሔለን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየችው።

«ጋሼ ይህን ሳያዩ ነው የሞቱት?» አለች።