ነጩ ሣር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው። ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ... ፀሐይ ቁልጭ ብላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛ ላይ ትንሽዬ መንደር እሠራለሁ። ምንም አልገዛም። ከስፖንጅ ዛፍ፣ ከክብሪት እንጨት አጥር፣ ከጥርስ ሳሙና ክዳን በርሜል...

እናቴ ትስቅብኛለች። «ሰው ቆሻሻ ያወጣል፣ የኔ ልጅ ያስገባል!»

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ በፌስታል አድርጎ የበራችን እጀታ ላይ ይሰቅልልኛል።

አንድ ቀን ግን ፌስታሉ ውስጥ ጨርቅ አልነበረም።

ነጭ፣ ቀጭን፣ ለስላሳ ነገር... ከአሮጌ ብሩሽ የተነቀለ መሰለኝ። እሰይ! ለደረቅ ሣር የተፈጠረ ነው ብዬ ሙጫ ቀብቼ ተከልኩት። ግማሽ ሜዳ ላይ አለቀብኝ።

«ምነው ትንሽ በተጨመረልኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

በማግስቱ ተጨመረልኝ።

ፌስታሉ የተሰቀለው ግን በበሩ የውስጥ እጀታ ላይ ነበር... እናቴ ተኝታ ስለነበር በሩን ቆልፌ ነው የወጣሁት።

ያንን አልተከልኩትም። በቀጥታ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ።

«የምን ብሩሽ አመጣህብኝ? እኔ ሳምንት ሙሉ ምንም አልሰቀልኩልህም» አለኝ።

ዓይኑን አየሁት። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን መቀስ... አላመንኩትም።

ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ልጄ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «ስተኛ እየመጣህ ስታበጥረኝ... እጅህ ለምንድን ነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው?»

«እማዬ... እኔ አበጥሬሽ አላውቅም።»

ሻሿን ገለጥኩት።

ከኋላ በኩል ነጩ ፀጉሯ ከሥሩ ተሸልቷል።

ዕቃ ባገኘሁ ቁጥር ለምን ይጠቅመኛል እላለሁ እንጂ ከየት መጣ ብዬ አልጠይቅም። ጨምሩልኝ ያልኩት የእናቴን ፀጉር ነበር። ራሴን ጠላሁት።

ያኔውኑ እህቴ ቤት ወሰድኳት። ልብስ ሰፊው እንዳይገባ ብዬ በማግስቱ የበሩን ቁልፍ ቀየርኩ። ከውስጥ ቆለፍኩ። መስኮቱንም ዘጋሁ።

ድካም ጥሎኝ ሶፋው ላይ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ አሥር ሰዓት ነበር።

በሩ እንደተቆለፈ ነው። ፌስታልም የለም። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁ...

ባዶ የነበረው ግማሽ ሜዳ ሞልቷል።

በአጭር... ጥቁር ሣር።

ሙጫው ገና አልደረቀም።

እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ማጅራቴ ሰደድኩ...